ዲሽ ሰሪው ይመልሳል፦ ፀሐይ ስትወጣ የሚሸሸው ሲግናል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነኝ። በኳታሯ ኢስሃይል-2 ሳተላይት ላይ ያለውን የአማተር ሬዲዮ በቤቴ ዲሽና በአርቲኤል-ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ) መስማት ጀምሬያለሁ። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ይመጣል። ኤፍቲ8 የሚባሉትን አጫጭር የዲጂታል መልእክቶች ግን ኮምፒውተሬ አንዱንም አይፈታልኝም፤ የዲጂታል ድምፁም ያው ነው። ትልቅ ዲሽ ልግዛ ይሆን?

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ፣ ወንድሜ። ንግግሩ ጥርት ካለልህ ዲሹ ሥራውን ሠርቷል። ሳተላይቷ ከእናንተ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 72 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አናትህ ላይ ናት ማለት ይቻላል። (ሳህንህ መሐሉ ላይ ኤልኤንቢ፣ ሲግናሉን የሚቀበለው ራስ፣ የተቀመጠበት ዓይነት ከሆነ እንዲህ ተንጋሎ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ታችኛው በኩል ብሳው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ላይ ከአንዱ ደንበኛዬ ዲሽ ውሃ በጣሳ ቀድቻለሁ።)

ችግርህ ኤልኤንቢው ነው። ሆዱ ውስጥ ምት የሚሰጠው የ25 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል አለ። እሱ በ390 ተባዝቶ 9,750 ይሆንና ከላይ ከሚመጣው 10,489.5 ሜጋኸርትዝና ከዚያ በላይ ሲቀነስ፣ በገመዱ የሚወርድልህ 740 አካባቢ ነው። እንግዲህ ማባዣውን ልብ በል፦ ክሪስታሉ ሞቆት 1 ኸርትዝ ከሳተ፣ አንተ ዘንድ ስህተቱ 390 ኸርትዝ ሆኖ ይደርሳል። የኤፍቲ8 ጠቅላላ ስፋት ደግሞ 50 ኸርትዝ ብቻ ነው፤ በአንዱ ቃናና በሌላው መካከል ያለው 6.25። ጆሮ ተናጋሪውን እየተከተለ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ግን የሚሸሽ አይከተልም።

እኔ አንድ በጋ ሙሉ ኮምፒውተሩን ስረግም ከርሜያለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ሳየው በስክሪኑ ላይ ያለው የሲግናሉ መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ረፋድ 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው፣ እንደ ሰካራም ያጋድላል። የገባኝ አንዲት ደመና ስታልፍ ነው፤ መስመሩ ወደ መጣበት ዞረ። ሮጬ ወጥቼ ኤልኤንቢውን ስነካው ይፋጃል።

ስለዚህ መጀመሪያ አካሉን በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልለው፤ አፉን አትሸፍን። ይህ ብቻ እንኳ ሽሽቱን ያዘገየዋል። ቀጥሎ ኤስዲአር ኮንሶል የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፤ የሳተላይቷን ቢከን፣ ቦታው የማይለወጠውን መለያ ሲግናል፣ ይዞ ስህተቱን በራሱ ያርማል፤ ወጪ የለውም። ብየዳ ካልፈራህ ክሪስታሉን አውጥተህ ሙቀት በማይረብሸው፣ ቲሲኤክስኦ በሚሉት ትተካዋለህ። ፒኤልኤል (በክሪስታል የሚመራ) ያልሆነ የድሮ ኤልኤንቢ ከሆነማ ክሪስታልም የለውም፣ አትድከምበት።

የዲጂታል ድምፁን በተመለከተ፣ ዲ-ስታር የሚባለውን የአማተሮች ዲጂታል ሬዲዮ እየጠበቅህ ከሆነ አይመጣም። እሱ 6.25 ኪሎኸርትዝ ይፈልጋል፤ በሳተላይቷ ጠባብ ትራንስፖንደር (ተቀብሎ መልሶ በሚልከው መሣሪያ) የሚፈቀደው 2.7 ነው። እዚያ የሚገባው ፍሪዲቪ የሚባለው ሌላ የዲጂታል ድምፅ ዘዴ ነው፤ 700ዲ የሚሉት ዓይነቱ 1 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይበቃዋል። ሲደክም እንደ ተራው ሬዲዮ እያሽካካ አይቆይልህም፣ ድንገት ጭጭ ይላል። ዲ-ስታር በ1.2 ጊጋኸርትዝ ላይ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ዳታ ያስተላልፋል፤ ያማረ ነገር ነው። ግን መተያየት ይፈልጋል፤ እኔንና ሞጣ ያለ ሰውን እንኳ የጮቄ ተራራ መሐል ገብቶ ይለያየናል። ለእኛ አገር ሰማዩ ይሻላል።

በ2.4 ጊጋኸርትዝ ወደ ሳተላይቷ ልላክ ካልክ ግን መጀመሪያ ፈቃድ፤ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሂድ።

ደግሞ ኤልኤንቢውን ከሪሲቨር በምታበላው ጊዜ 13 ቮልቱ ወደ ኤስዲአሩ እንዳይዞር መከልከያ አድርግለት። አንዷን በአንድ ምሽት አቃጥያለሁ፣ ሽታዋ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ ነው። ስፖንጁን ካለበስከው በኋላ ረፋድ ላይ መስመሩ ስንት ኸርትዝ እንደሄደ ጻፍልኝ።