ሌሊት የሚጫነኝ ሰይጣን ነው ወይ? ጎረቤቴስ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ፋብሪካ ነው ምሰራው አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት እንገባለን። ከሁለት ወር ወዲህ ስተኛ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ወጥቶ ይጫነኛል፣ አይኔ ያያል ግን እጄን ማንቀሳቀስ አልችልም ልጩህ ብል ድምፄ አይወጣም፣ በሩ ላይ ጥላ የሚመስል ነገር ቆሞ አያለሁ። ጠበል ሄጄ ደሞ አጠገቤ የነበረች ልጅ ስትጮህ "ቡና የምታጠጣት ሴትዮ ናት የላከችኝ" አለች፣ ሰዎቹ ላንቺ ነው የተነገረው አሉኝ። እውነትም ከጎረቤቴ ጋር ነው ቡና የምጠጣው። ከዛ ወዲህ ቤቷ አልሄድም፣ ሰላም ስትለኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ትራስሽ ስር አድርጊው ብሎ በ1,500 ብር ክታብ ሸጦልኛል። ምን ላድርግ? ሐኪም ቤት ብሄድስ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። መጀመሪያ አይዞሽ፣ ይሄ ነገር አንቺ ጋ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ስም ሁሉ አለው፣ እናቶቻችን ዱካክ ይሉታል። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አብነት ትምህርት ቤት እያለን አንድ ሌሊት ያዘኝና እንደዛው እንዳንቺ ተጭኖኝ ላብ በላብ ሆኜ ነቃሁ፣ ጠዋት ለየኔታ እየተንቀጠቀጥኩ ነገርኳቸው ሰይጣን አነቀኝ ብዬ። የኔታ ሳቁ። "አንተን ማነቅ ምን ያደርግለታል፣ ትናንት ዳዊትህን ሳትደግም ተኝተህለት የለም እንዴ፣ እሱ ስራውን ከመሸ ጀምሮ ጨርሷል" አሉኝ። ከዛ ደግሞ "በጎንህ ተኛ" አሉ፣ ሁለቱንም በአንድ አፍ። ያኔ አልገባኝም ነበር አሁን ነው የገባኝ፣ ጸሎቱንም አዘዙ አተኛኘቱንም አስተካከሉ።

ሐኪሞቹ እንደሚሉት ዱካክ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይነቃ ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው እንቅልፍ ያጣ ሰው የስራ ሰዓቱ የሚቀያየርበት ሰው ላይ ይበዛል። አንቺ አንድ ሳምንት ሌሊት አንድ ሳምንት ቀን እየገባሽ ነው። እሱን ሳንጠይቅ በቀጥታ ሰይጣን ነው ማለት ሰይጣንን ማክበር ነው የሚሆነው። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው እሱንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው ይላል መድኃኒትንም ከምድር አወጣ ይላል፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበሉንም ጠጪ ሐኪሙንም ጠይቂ፣ መድኃኒት ካዘዘልሽ ጠበል ጀምሬያለሁ ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

እንዲህ ስል ግን ሰይጣን የለም እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አለ። አባቶቻችን እንዳስተማሩን ሳጥናኤል መልአክ ሆኖ የተፈጠረ የመላእክት አለቃ ነበረ፣ ፈጣሪያቸው ለጊዜው ሲሰወርባቸው እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ አለ፣ መላእክቱ ሲታወኩ ቅዱስ ገብርኤል "ንቁም በበህላዌነ" አለ፣ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት እንቁም ማለት ነው። እኔ ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው፣ የመጀመሪያው መንፈሳዊ ውጊያ ላይ የተሰጠው ትእዛዝ እኮ ተኩስ አይደለም፣ ቁም ነው። ጳውሎስም ኤፌሶን 6 ላይ ስለ ጦር ዕቃው ሲያወራ ቁሙ ቁሙ እያለ ነው የሚደጋግመው። እና ፍጡር ነው ሰይጣን፣ የእግዚአብሔር እኩያ ተፎካካሪ አይደለም፣ ኢዮብን ለመንካት ፈቃድ ጠይቋል፣ አጋንንቱ እሪያዎቹ ውስጥ ለመግባት እንኳን ጌታን ለምነዋል። ለአሳማ ፈቃድ የሚለምን ነገር ነው አንቺን በር ላይ ቆሞ የሚያስፈራራሽ። ልብሽ ውስጥ ያለውንም አያውቅም፣ የሰውን ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ እሱ ከውጭ ሆኖ ሁኔታሽን እያየ ሐሳብ ይወረውራል እንጂ።

ሐሳብ ደሞ መምጣቱ ኃጢአት አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደኛ ወደ ደሴ ስትመጪ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ እንዴት እንደሚወርድ ታውቂዋለሽ፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣል እንጂ መኪናውን አቁሞ ከጉም ጋር አይጣላም። ሐሳቡን ቁጭ አድርገሽ ቡና ካፈላሽለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ በር ላይ የቆመው ጥላ አይደለም፣ "ሰላም ስትለኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ" ያልሽው ነው። እዛች ልጅ ላይ የጮኸው መንፈስ ነው ብለን እንቀበል፣ እሺ፣ መንፈስ ነው። ማን ነው እሱ? ዮሐንስ 8፥44 ላይ ጌታ ሐሰተኛ የሐሰትም አባት ነው ያለው እኮ ነው፣ እንዴት ነው ታዲያ እሱን ምስክር አድርገሽ በጎረቤትሽ ላይ ፍርድ የሰጠሽው? ፍርድ ቤት ውስጥ የታወቀ ውሸታም ቢቀርብ ዳኛው እንኳን አይሰማውም። ማርቆስ 1ን አንብቢ፣ ጌታ ርኩሱን መንፈስ ዝም በል ውጣ ነው ያለው፣ አጋንንቱ እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። ልብ በይ፣ ያ መንፈስ የእግዚአብሔር ቅዱስ እንደሆንክ አውቄያለሁ ነው ያለው፣ እውነት ነበር የተናገረው፣ ጌታ ግን እውነቱንም ከሱ አፍ አልፈለገውም። ፊልጵስዩስ ላይም የጥንቆላ መንፈስ የነበረባት ገረድ እነዚህ የልዑል አምላክ ባሪያዎች ናቸው እያለች ስትከተል ጳውሎስ አመሰግናለሁ አላለም፣ ተቸግሮ መንፈሱን አስወጣው። እኛ ግን ሲጮህ ስልክ አውጥተን እንቀርጻለን፣ ማነው የላከህ ብለን ኢንተርቪው እናደርጋለን፣ ከዛ ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፣ የስንቱ ትዳርና ጉርብትና በዚህ ፈርሷል። ይሄን በግልጽ ለመናገር የሚፈሩ አገልጋዮች አሉ እኔ ግን እናገራለሁ። ደሞ ቡና የምታጠጣት ሴትዮ ማለት ምን ማለት ነው፣ ወሎ ውስጥ ቡና የማታጠጣ ሴት ማን ናት?

ኤፌሶን 4 ላይ "በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት" ይላል። ፈንታ ማለት ቦታ ነው፣ ድርሻ ነው። ሰይጣን የት ነው የሚገባው ስትይኝ ጳውሎስ እዚህ ጋ ነው ብሎ ጣቱን ቀስሮ እያሳየሽ ነው፣ ሳትታረቂ ያሳደርሽው ቂም ላይ። ዝም ብለሽ ማለፍ ከጀመርሽ ወዲህ ስንት ፀሐይ ገብታለች። መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም የተባለውም ለዚህ ነው፣ ጎረቤትሽ ደምና ሥጋ ናት፣ ጠላትሽ እሷ አይደለችም፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን። እኛ በዓል በመጣ ቁጥር ሳህን ስንላላክ ያደግን ሰዎች ነን፣ ጠላት ይሄን ሳህን መስበር ቢችል ሌላ ምን ይፈልጋል።

የጦር ዕቃውን ሰው ሲቆጥር ጋሻውንና ሰይፉን ነው የሚያስታውሰው፣ ጫማውን ይረሳዋል። ጫማው የሰላም ወንጌል ዝግጅት ነው ይላል። ወታደር ያለ ጫማ የትም አይደርስም፣ ያንቺ ጫማ ደሞ ከደጅሽ እስከ ጎረቤትሽ ደጅ አስር እርምጃ የሚያስኬድሽ ነው።

ክታቡን በተመለከተ አጭር ነው። ክርስትና ስትነሺ የክርስትና እናትሽ አቅፋሽ ወደ ምዕራብ ዞራ "እክህደከ ሰይጣን" ብላልሻለች፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ ማለት ነው፣ ከዛ ወደ ምሥራቅ ዞራ በሥላሴ አምናለሁ አለች፣ አንገትሽ ላይ ማዕተብ የታሰረው ያንን ምስክር ሆኖ ነው። ማዕተብ አንገትሽ ላይ እያለ ሌላ ነገር ትራስ ስር ማድረግ ወደ ምዕራብ መመለስ ነው። ፍቺው ምን እንደሆነ ለማወቅ ቀደሽ አታንብቢው፣ አትፍሪውም፣ ለንስሐ አባትሽ ስጫቸውና እሳቸው የሚያደርጉትን ያውቃሉ። የኤፌሶን ሰዎች አምነው የጥንቆላ መጽሐፋቸውን ሲያቃጥሉ ዋጋው 50,000 ብር፣ የዛ ዘመን የብር ሳንቲም ማለት ነው፣ ሆኖ ተገኝቷል ይላል የሐዋርያት ሥራ 19፣ ማንም ብሬ ቀረ አላለም፣ ያንቺ 1,500 ብርም ይቅር። ሰውዬው ደግሞ ከደወለ አታንሺ፣ ሁለተኛው ክታብ ከመጀመሪያው ይወደዳል፣ ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

ስትተኚ በጎንሽ ተኚ፣ ስልኩን አርቂው፣ አባታችን ሆይና መዝሙር 90ን ድገሚ፣ "ከሌሊት ግርማ" ይልና ዝቅ ብሎ "ከቀትር ጋኔን አትፈራም" ይላል፣ ሌሊት ገብተሽ ቀን ለምትተኚው ላንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከተጫነሽ ደግሞ አትታገዪው፣ ጣትሽን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፣ በልብሽ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ በይ፣ ይለቅሻል። አባ እንጦንስ አጋንንቱ በአውሬ መልክ ሲከቡት ኃይል ቢኖራችሁ አንዳችሁ ብቻ ትበቁኝ ነበር ብሎ ነው የቀለደባቸው፣ ብዛታቸው የድካማቸው ምልክት ነው ማለቱ ነው። አንቺም ብትስቂበት አይከፋም፣ ኩራተኛ ነው፣ መሳቅ አይወድም።

እና ጎረቤትሽ ጋ ሂጂ። ምንም ማብራራት አይጠበቅብሽም፣ መንፈሱ እንዲህ አለ ምናምን ብለሽ አታቁስያት፣ ስራ በዝቶብኝ ነው ጠፋሁብሽ ይቅርታ ማለት ይበቃል፣ በባዶ እጅሽም አትሂጂ ቆሎም ቢሆን ያዢ። ፊቷን ብትነሳሽ ደግሞ ተቀበይው፣ አንቺም ነሥተሻታል። ከዛ ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪያቸው ነገር ይኖርሻል፣ እኔን ማግኘት ከፈለግሽም ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ነኝ ብቅ በይ፣ ጋቢ ግን ያዢ የኮምቦልቻ ልብስ እዚህ አያዋጣም።