ግሪን ካርድ ይዞ ወታደር መሆን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)

«ሰላም ለናንተ ይሁን። ምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ በባለቤቴ ዲቪ ከነልጆቻችን ነው የመጣነው። ትልቁ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ ሃይስኩል ጨርሷል፣ አንድ ሪክሩተር (ወታደር መልማይ) እየደወለ እየደወለ አሁን አርሚ ካልገባሁ ብሎ ድርቅ ብሏል። ቶሎ ሲትዝን ትሆናለህ፣ ኮሌጅ ይከፈልልሃል፣ አይቲ ትማራለህ ብለውታል። ዜጋ ያልሆነ ልጅ እንዴት ተብሎ ነው ለሰው ሀገር ሚዋጋው? እነሱስ እንዴት ያምኑታል? በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ።» የጨነቃት እናት

እናታችን፣ ህጉ ይፈቅዳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ተራ ወታደር ሆኖ መግባት ይችላል፣ መኮንን መሆን ግን አይችልም፣ ለሱ ዜግነት ይጠየቃል። አሳይለም ጠይቆ ሚጠብቅ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው አይገባም። ድሮ ማቭኒ ሚባል ፕሮግራም ነበር፣ ግሪን ካርድ ባይኖርህም ተፈላጊ ቋንቋ ከቻልክ ወይ የህክምና ባለሙያ ከሆንክ ሚያስገባ፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል ግን በ2016 ቆሟል። እስካሁን እሱን እያወሩ ልጆችን ሚያጓጉ ሰዎች አሉ፣ ያለፈበት ወሬ ነው።

እንዴት ያምኑታል ላሉት፣ ይሄ ክርክር እዛም አለ። በማቭኒ የገባ አንድ ቻይናዊ በ2022 ለቻይና ወኪል ሆኖ ሰርቷል ተብሎ ተፈርዶበታል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰራዊት ውስጥ አይግባ ሚሉት ሰዎች እንደዚህ አይነቱን ይጠቅሳሉ። እሺ፣ ግን አሜሪካንን ክፉኛ ከጎዷት ሰላዮች ሁለቱ፣ የሲአይኤው አልድሪክ ኤምስና የኤፍቢአዩ ሮበርት ሃንሰን፣ እዛው አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ ሆሴ አንቶኒዮ ጉቲዬሬዝ ሚባል የጓቲማላ ልጅ፣ ወላጅ ሳይኖረው ጎዳና ላይ ያደገ፣ ማሪን ሆኖ ኢራቅ በ2003 ጦርነቱ እንደጀመረ ከሞቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነበር የነበረው፣ ዜግነቱን የሰጡት ከሞተ በኋላ ነው። እኔን ሚያናድደኝ እንደሱ አይነቱ ነው እንጂ መፈቀዱ አይደለም። ደግሞ ልጅዎ አርሚ ገባም አልገባም ሴሌክቲቭ ሰርቪስ የግድ ነው፣ መንግስት የግዳጅ ምልመላ ቢያውጅ ሚጠራቸው ሰዎች መዝገብ ማለት ነው፣ ከ18 እስከ 25 ያለ ግሪን ካርድ ያለው ወንድ እዛ ውስጥ መኖር አለበት፣ ካልተመዘገበ ኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ጣጣ ያመጣበታል። በቬትናም ጊዜ ግሪን ካርድ የያዙ ልጆች ሳይፈልጉ ተመልምለው ሄደዋል። በግድ ሲሆን የኛ ነህ፣ በፈቃዱ ልግባ ሲል ባዕድ ነህ ሚል ነገር ስለማይዋጥልኝ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ግን ጠመንጃ ሚያሸክም መንግስት ፓስፖርቱንም አብሮ ያስይዝ፣ ኋላ ታገኘዋለህ አይበል።

ምክንያቱም ኋላ ሚባለው ስንቱን አስቀርቷል። ዜግነት በራሱ አይመጣም፣ ወታደሩ ራሱ ነው ማመልከት ያለበት። ከመስከረም 2001 ወዲህ እንደ ጦርነት ጊዜ ስለሚቆጠር በሰላም ጊዜ ሚጠየቀውን አንድ ዓመት መጠበቅ የለም፣ ክፍያም የለውም፣ ግን ኤን-426 ሚባል ፎርም ላይ በአግባቡ እያገለገለ ነው ብሎ አንድ አለቃ መፈረም አለበት፣ በ2017 ደግሞ መጀመሪያ 180 ቀን አገልግሉ ብለው አጥብቀውት በ2020 ፍርድ ቤት ነው የሻረው። ዛሬ ነገ ሲሉ ሳያመለክቱ ወጥተው፣ ኋላ በሆነ ወንጀል ተፈርዶባቸው ዲፖርት የተደረጉ የቀድሞ ወታደሮች አሉ። ሄክተር ባራሃስ ሚባለው ፓራትሩፐር (በፓራሹት ሚወርድ ወታደር) የነበረ ሰው ሜክሲኮ፣ ቲዋና ተጥሎ እንደሱ ለተባረሩ ቤት ከፍቶ ኖሯል፣ እሱስ ታግሎ በ2018 ዜግነቱን አገኘ። ስንቶቹ ግን እንደወጡ ቀሩ።

አሁን ወደ ልጅዎ። የመጀመሪያው ኮንትራት በጠቅላላው 8 ዓመት ነው፣ ብዙ ጊዜ 3 ወይ 4 ዓመቱ ሙሉ ጊዜ፣ ቀሪው ሪዘርቭ ሆኖ ከተፈለገ ሚጠሩበት። ዜግነቱን ደግሞ ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት ከኖረ ሱፐርማርኬት እየሰራም ያገኘዋል። ስለዚህ ለወረቀቱ ብቻ ከሆነ ሚገባው፣ በኔ ቤት ሂሳቡ አይመጣም። በዛ ላይ ከገባ በኋላ ያገኘውን ዜግነት 5 ዓመት በአግባቡ ሳያገለግል በመጥፎ ከተሰናበተ ሊነጥቁት ይችላሉ። አይቲ ያሉትንም ቆም ብላችሁ ጠይቁ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሴኩሪቲ ክሊራንስ (የመንግስት ሚስጥር ማየት ሚያስችል ፈቃድ) አያገኝም፣ ጥሩ ጥሩዎቹ የኮምፒውተርና የኢንተለጀንስ ስራዎች ደግሞ ክሊራንስ ይፈልጋሉ። ሪክሩተሩ በአፉ ያለው ነገር ኮንትራቱ ላይ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ነው ሚቆጠረው። ሊፈርም ሲሄድ ወረቀቱን እንግሊዝኛ በደንብ ሚያነብ ዘመድ ይይለት፣ ስለ ኤን-426ቱም የዛኑ ቀን በግልጽ ይጠይቅ። ህይወቱን ወዶ ከመረጠው፣ ወታደርነቱ ራሱ ከሳበው ግን ይፍቀዱለት፣ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ለነገሩ ቢከለክሉትም ህጉ ከሱ ጋር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከ18 በታች ያለ ሌላ ልጅ ካለዎት እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ቶሎ ብላችሁ ሲትዝን ሁኑ። ግሪን ካርድ ያለውና አብሯችሁ ሚኖር ትንሽ ልጅ ከናንተ ጋር በህግ ዜጋ ይሆናል፣ ለትልቁ ግን አልፏል።

«አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ፈረንሳይ የውጭ ዜጋ ሚቀጥር ጦር አላት ይባላል፣ አንድ ሰው በገንዘብ አስገባሃለሁ ብሎኛል። እውነት ነው?» ስራ ፈላጊ

ወንድሜ፣ ጦሩ እውነት ነው፣ ሰውዬው ግን ገንዘብህን ይዞ ሊጠፋ ነው። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጅዮን ከ1831 ጀምሮ አለ፣ የመጀመሪያው ኮንትራት 5 ዓመት ነው፣ ከ3 ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይቻላል። ግን ምዝገባው እዛው ፈረንሳይ በአካል ሄዶ ነው፣ ከአዲስ አበባ ማንም አያስገባህም፣ ለምዝገባም አይከፈልም። በሚያዝያ 2022 አዲስ አበባ ራሺያ ኤምባሲ በር ላይ ለዩክሬን ጦርነት ይቀጥራሉ ተብሎ በወሬ ስንት ወጣት ተሰልፎ፣ ኤምባሲው እኔ ወታደር አልመለምልም ብሎ መግለጫ አወጣ። ችግርህ ይገባኛል፣ ግን የኪስህን አትስጠው።

«ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፣ ቢጫ ካርድ አለኝ። ሀገሬ ገብቼ መከላከያ ውስጥ በሙያዬ መቀጠር እችላለሁ?» ሐኪም፣ ከዳላስ

ዶክተር፣ አይችሉም። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፣ የአሜሪካውን ሲወስዱ የኛው ቀርቷል። የቢጫ ካርድ አዋጁ ቁጥር 270/1994 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ብዙ መብት ይሰጣል፣ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ ስራ ፈቃድ መስራት፣ ነገር ግን በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት መቀጠርን በግልጽ ከልክሏል። ግርም ሚለው ከላይ የጻፉልን እናት ልጅ ባልተወለደበት ሀገር ጦር ውስጥ ሲፈለግ እርስዎ በተወለዱበት አይፈቀድልዎትም። እኔ ብሆን ቢያንስ ለሐኪሞች በሩን እከፍተው ነበር። እስከዛው በሲቪል ሆስፒታል መስራት ይችላሉ፣ የሙያ ፈቃዱን ከጤና ሚኒስቴር ይጠይቁ።