ፎጣሽን ይዞ ጀልባው ላይ ስለቀረው ባልሽ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ በመጀመሪያው ንባብ ያመለጠኝ ነገር እንዳለ ስለተሰማኝ ሁለተኛውን ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ እውነትም ነበረ፣ እደርስበታለሁ።

ለሌሎቻችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። እህታችን 29 ዓመቷ ነው፣ ሜሪላንድ ነው ምትኖረው፣ ካገባች አራት ወሯ። ሰርጉም መልሱም ቅልቅሉም ባንድ ሳምንት አለቀና በማግስቱ ጃማይካ በረሩ፣ ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ያለ ሪዞርት፣ ሰባት ሌሊት፣ ኦል ኢንክሉሲቭ። ኤክስከርሽኖቹን (የጉብኝት ጉዞዎቹን) እሷ ከወራት በፊት አስይዛ ከፍላለች፣ ለየቀኑ አንድ አንድ። ባሏ የመጀመሪያውን ቀን ስልኩን ይዞ ጥላ ስር ተኝቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ኦቾ ሪዮስ ሄደው ዳንስ ሪቨር የሚባለው ፏፏቴ ጋ ሲደርሱ «እኔ አልገባም» ብሎ ታች ቁጭ አለ፣ እሷ ወጣች፣ ማታ ፎቶውን ፖስት አደረገች፣ የሱ ጓደኛ ስሩ «ወንድሜ አንተስ የት ነህ?» ብሎ ጻፈ፣ ባልየው «ከማታውቂው ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘሽ ደስ ብሎሽ ነበር አይደል» አላትና ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈ። ከተመለሱ በኋላ ስራ ይሄዳል፣ ቢል ይከፍላል፣ ሰላም ይላታል፣ የጃማይካ ወሬ ሲነሳ ግን ተነስቶ ይወጣል። ጥያቄዋ ይሄ ነው፣ «ሀኒሙኑ እንዲህ ከሆነ ኑሮውማ እንዴት ሊሆን ነው? የተሳሳተ ሰው አግብቼ ይሆን?»

እህቴ፣ ከሰባት ቀን ተነስቶ ይሄን መመለስ አይቻልም፣ እኔም አልመልስልሽም። አንቺም ባትመልሺው ይሻላል፣ ምክንያቱም ያ ሳምንት ስለ ባልሽ ፍቅር ሳይሆን ስለ ሁለታችሁም ፍርሀት ነው ብዙ የነገረኝ።

ሰው ሀኒሙንን እረፍት ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ ግን እስቲ እናንተ በምን ሁኔታ እንደሄዳችሁ እይው። ለወራት እንቅልፍ የለም፣ አዳራሽ፣ ዲኮር፣ የአጎት ልጅ ካልተጠራ ብሎ የሚያኮርፍ ዘመድ፣ ከዛ የሰርጉ ድካም፣ ከዛ በማግስቱ አውሮፕላን። ድሮ ጫጉላ ሲባል ሙሽሮቹ ብቻቸውን አልነበሩም እኮ፣ ሚዜዎቹ እዛው ነበሩ፣ ያበላሉ ያጠጣሉ ይጫወታሉ፣ ሙሽራው ጭንቅ ቢለው ወጣ ብሎ ሚያወራው ሰው ነበረው፣ ሙሽሪትም እንደዛው። አሁን ግን ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ቀን ትሆናላችሁ፣ አንድ የማታውቁት ደሴት ላይ፣ ሁሉም ሰው «እንዴት ነው ታዲያ?» እያለ ቴክስት እያደረገ፣ ደስ ካላላችሁ ደሞ ጥፋቱ የናንተ ሚመስልበት ሁኔታ ውስጥ። በጣም ሚዋደዱ ሰዎች እንኳ እዛ ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ብዙዎቹ ደሞ ፎቶው ስለሚያምር ለማንም አይናገሩም።

አሁን ያመለጠኝ ወዳልኩት ልምጣ። ደብዳቤሽ መሀል ላይ ስለ ልጅነቱ ስትነግሪኝ በቅንፍ አስገብተሽ እንዲህ ትያለሽ፣ «ኮምቦልቻ ነው ያደገው፣ የሰፈሩን ልጅ ክረምት ላይ ቦርከና ወንዝ ወስዶታል፣ አብረው ነበሩ»። ከዛ ቀጥለሽ ስለ ሪዞርቱ ቁርስ ታወሪያለሽ። እህቴ፣ ያቺ ግማሽ መስመር ናት ደብዳቤው። አንድ ልጅ ጓደኛው በዓይኑ እያየ በውሃ ሲወሰድ አየ፣ አድጎ ሰው ሆነ፣ አገባ፣ ከዛ የሰርጉ ሳምንት ሳይደርቅ የሚጮህ ውሃ ስር አቁመሽ «ና ግባ» አልሽው። ክፉ አስበሽ አይደለም፣ ያንን ከዚህ ጋር አላገናኘሽውም፣ እሱም አልነገረሽም። የሱም ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለቱ። ወንድ ልጅ አይፈራም ተብሎ ያደገ ሰው «ፈራሁ» ከሚል «አልፈልግም» ማለት ይቀለዋል፣ «አልፈልግም» ደሞ አንቺ ጆሮ ውስጥ ሲገባ «አንቺን አልፈልግም» ሆነ።

የፏፏቴውን ነገር ለአንባቢም ለባልሽም ግልጽ ላድርገው። ዳንስ ሪቨር ወደ 180 ሜትር የሚረዝም በደረጃ በደረጃ የሚወርድ ውሃ ነው፣ መጨረሻው ቀጥታ ባህሩ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ጎብኚው ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሰው እጅ ይዞ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ነው ሚወጣው፣ ጋይዱ ከፊት ይመራል። እዛ ላይ የሰው እጅ መያዝ አሰራሩ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ባልሽ ይሄን ታች ቁጭ ብሎ እያየው ነበር፣ ስለዚህ እውነት ቀንቶ ነው ብዬ አላስብም። ያመመው እጅሽን የያዘው ሰው እሱ መሆን ሲገባው መሆን አለመቻሉ ነው። ያንን ሀፍረት ብቻውን ይዞ ምናልባት ይችለው ነበር፣ ጓደኛው ያቺን ኮመንት ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ሲጽፍ ግን ቁስሉ ላይ ጨው ሆነ። ሰው ሲያፍር ደሞ ብዙ ጊዜ «አፍሬያለሁ» አይልም፣ ይቆጣል ወይ ይዘጋል። ያንቺ ባል መጀመሪያ ተቆጣ ከዛ ዘጋ።

ያንኑ ቀን ጠዋት የሆነውን ደሞ እይው። ከሞንቴጎ ቤይ ወደ ኦቾ ሪዮስ ስትሄዱ ሹፌሩ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲሰማ መኪናው ውስጥ በዓል ሆነ አልሽኝ፣ ስለ ጃንሆይ ጉብኝት ሲያወሩ ባልሽ እስኪያነባ ሳቀ፣ አንቺ ደሞ ከኋላ ተቀምጠሽ «ከኔ ጋር ለምን እንዲህ አይስቅም» እያልሽ ተናደድሽ። ሊገባኝ ይችላል። ጃማይካ ላይ ያ ታሪክ ሕያው ነው፣ ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ለመውረድ እንኳ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፣ ራስታዎቹ ቀኑን እስካሁን ያከብሩታል። ባልሽ መኪናው ውስጥ የሚያውቀው ነገር ነበረው፣ ሚሰጠው ነገር ነበረው፣ የተከበረ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ስር ቆሞ ያ የኮምቦልቻ ልጅ ሆነ። ሳቁን ካንቺ ቆጥቦ ለሹፌሩ አልሰጠም፣ ሳምንቱን ሙሉ ራሱን ትልቅ ሰው ሆኖ ያገኘባት አንዷ ሰዓት ያቺ ስለነበረች ነው።

ስላንቺም ላውራ፣ እንዳትከፊብኝ። «ቤታችን እናትና አባቴ ለወራት አይነጋገሩም ነበር፣ ዝምታ እጠላለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከዛ ለሀኒሙንሽ ሰባት ቀን ባዶ ሰዓት ያልተውሽበት ፕሮግራም ሰራሽ፣ ሰኞ ፏፏቴ ማክሰኞ ታንኳ ረቡዕ ምናምን እያልሽ። እኔ እዛ ፕሮግራም ውስጥ መዝናናት ብቻ አይደለም ያየሁት፣ ዝም ተባብለን ብንቀመጥስ የሚል ስጋት አለበት። እሱ ስልኩ ውስጥ ተደበቀ፣ አንቺ ፕሮግራሙ ውስጥ። አንቺ ዝም ሲልሽ የናትና ያባትሽ ቤት ትዝ እያለሽ «ተናገር፣ ምን ሆንክ፣ ለምን ትዘጋኛለህ» ትያለሽ፣ እሱ በጥያቄው ይጨናነቅና የባሰ ይዘጋል፣ አንቺ የባሰ ትገፊያለሽ። ይሄ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲሸሽ የሚዞር ነገር በባልና ሚስት ጥናት ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው፣ ማን ጀመረ ብሎ መክሰስ ደሞ ጥቅም የለውም ምክንያቱም መጀመሪያ የለውም። ጆን ጎትማን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ጥንዶች ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን እየለካ ያጠና ሰው ነው፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲወጣ ሰው የሚባለውን በትክክል መስማት ያቅተዋል፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ እረፍት ያስፈልገዋል ይላል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ተከትለሽው አትውጪ። «ትንሽ እንረፍና ከራት በኋላ እናውራ» በይ፣ ከራት በኋላ ደሞ እውነት አውሩ፣ ካልሆነ እረፍቱ ኩርፊያ ይሆናል።

«ሌላውም ነገር እንዳሰብኩት አልሆነም» ያልሽው ገብቶኛል፣ ብዙ ሰው ይሄን ለመጻፍ ድፍረት የለውም። በድካም በጭንቀትና በ«ዛሬ መሆን አለበት» ስሜት የሚጀመር ሌሊት ብዙ ጊዜ አይሳካም፣ በሴትም በወንድም። የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። ሕመም ካለሽ ግን አትቻይው፣ የማህጸን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ሊታከም ሚችል ነገር ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ሌሊት። ፋልማውዝ አጠገብ ያለው የሚያበራው ሐይቅ ጋ በጀልባ ወሰዷችሁ፣ ማርታ ብሬ ወንዝ ከባህሩ ጋር ሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ሲነካኩ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ፣ ሰው ሲገባበት ሰውነቱ ሁሉ ያበራል። አንቺ ዘለሽ ገባሽ። ስለሱ የጻፍሽው እንደ ክስ ነው፣ «እሱ ፎጣዬንና ጫማዬን ይዞ ጀልባው ላይ ቀረ፣ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም፣ ግን አንድ ቃል አልተናገረኝም፣ አኩርፎ ነበር።»

እኔ ይሄን ሳነብ አለቀስኩ ብልሽ ማጋነን አይደለም። ውሃ ጓደኛውን የወሰደበት ሰው፣ ሁለት ቀን የተኮራረፈ ሰው፣ ሆቴል ቀርቶ መተኛት ይችል ነበር። በጨለማ፣ በሌሊት፣ በትንሽ ጀልባ ጥቁር ውሃ መሀል ድረስ መጣ። ዓይኑን ያልነቀለው ለምን ይመስልሻል? አኩርፎ ሚሆን አይመስለኝም፣ እየጠበቀሽ ነበር። እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ያየሁት ባንቺ ብዕር ብቻ ነው። ግን እሱን መጠየቅ ትችያለሽ።

እንዴት ትጠይቂዋለሽ? መኝታ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይሁን፣ ምርመራ ይመስለዋል። መኪና ውስጥ ወይ እየተራመዳችሁ፣ ጎን ለጎን ስትሆኑ ይቀለዋል። ከጥያቄ አትጀምሪ፣ ካንቺ ጀምሪ። «ዳንስ ሪቨር ላይ ስለ ቦርከናው ልጅ አላሰብኩም ነበር፣ ማሰብ ነበረብኝ፣ ይቅርታ። ፎቶውንም ሳልጠይቅህ ለጥፌዋለሁ።» ከዛ ዝም በይ። ዝምታው ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ላንቺ ከባዱ እዛ ጋ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አትሙይው። ከተናገረ አታስተካክይው፣ «ግን አንተም እኮ» አትበይ፣ ያንቺ ተራ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት ምክንያቱም ሁለት ቀን ዘግቶሽ በሰው አገር ብቻሽን እራት የበላሽበት ነገር ትንሽ አይደለም፣ እሱም ይቅርታ ሊልሽ ይገባል። ሌላ ቀን «ያ ዝምታ እናትና አባቴን ነው ያስታወሰኝ፣ ስትናደድ ቢያንስ ቆይቼ አወራሻለሁ በለኝ» በይው። ይሄን ሰው ሊያደርገው ሚችለው ነገር ነው።

ለጊዜው ሽማግሌ አትጥሪ፣ ለናቱም ላክስትሽም አትንገሪ። ሌላ ሰው ከገባበት ያፈረበት ነገር እንደገና አደባባይ ይወጣበታል። ዋና ትምህርትም እንዳታስመዘግቢው፣ እንዳንቺ አይነት ቀልጣፋ ሰው ዛሬ ማታ ፎርም ሞልታ ልታድር ትችላለች። ካውንቲያችሁ የሕዝብ መዋኛዎች ላይ ለጀማሪ አዋቂዎች ትምህርት አለ፣ ግን ሀሳቡ ከሱ አፍ ይውጣ። ስለ ውሃው ቅዠት ካለው ወይ እንቅልፍ ሚነሳው ከሆነ ደሞ በሥነ ልቦና ባለሙያ ሚታከም ነገር ነው፣ ያንን ልትነግሪው ትችያለሽ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ዝምታው ከስድብ፣ ከማስፈራራት፣ ስልክሽን ከመፈተሽ ወይ ገንዘብሽን ከመያዝ ጋር የመጣ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም፣ ካለ ግን ደብቀሽ አትቆዪ፣ መልሰሽ ጻፊልኝ።

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝ ለዓመታችሁ እዛው ሪዞርት ላስይዝ ወይ ነው። አሁን አታስይዢ። መጀመሪያ ያቺ ወሬ ትምጣ፣ ከዛ ቀኑንም ቦታውንም አብራችሁ ምረጡ፣ ምናልባት እሱ ተራራ ይፈልግ ይሆናል። ጃማይካን ራሱ ከመረጠ ግን፣ በኩርፊያው ምክንያት ከፍለሽበት ያልሄዳችሁበት የማርታ ብሬው የቀርከሃ ታንኳ አለ አይደል፣ እሱ ለሁለት ሰው የተሰራ ነው፣ መቀመጫው ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ ሰውዬ ከፊት ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ ወንዙን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀስ ብሎ ያወርዳችኋል፣ ውሃው አይጮህም። ለሁለታችሁም ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ አንቺም ልበሺ፣ ዋና ብትችይም ልበሺ።