ለመመረቂያ ጥናቴ ቻትጂፒቲን ብጠቀም ሥራ ስፈልግ ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ በቻትጂፒቲ እገዛ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሁለት ምንጮችን ፈልገው ስላጡ «ሁሉንም አረጋግጠሽ ነይ» ብለው መለሱኝ። ሌላው መምህራችን ደግሞ ተጠቀሙበት ይሉናል። ጨርሶ ልተወው? ሥራ ስፈልግስ ይጎዳኛል?

ምላሽ፦ ውድ እህታችን፣ ጨርሰሽ መተው አይጠበቅብሽም። ብቻሽን ተቀምጠሽ የምትጠየቂበትን ሥራ ግን ለማሽኑ አሳልፈሽ አትስጪ። ዲፌንስ (የጥናቱ ቃል ማስረዳት) ላይ «ናሙናውን እንዴት አሰላሽው?» ትባያለሽ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ለማለፍ 50 በመቶውን የምታመጪው በራስሽ ጭንቅላት ነው። ኤንጂኦዎችም ለቃለ መጠይቅ ከመጥራታቸው በፊት ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ። እዚያ የምትጎጂው መሣሪያውን ስለተጠቀምሽ ሳይሆን፣ ሥራው እጅሽ ላይ ሳይገባ በስምሽ ስለቀረበ ነው።

መጀመሪያ ከምንጮቹ ጀምሪ፤ አማካሪሽ ቆጥረው የሚጠይቁሽ እነሱን ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ስለሚጽፉ፣ የሌለ ጥናት ሲፈጥሩም ምንጩ ትክክለኛ መልክ ይኖረዋል። መጽሔቱ እውነተኛ ነው፣ ለምሳሌ ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኸልዝ ዴቨሎፕመንት፤ የጸሐፊው ስምም የሚታወቅ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ግን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ርእስ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጊ፣ የዲኦአይ ቁጥሩንም (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገብተሽ የሚከፈተው ያው ጽሑፍ መሆኑን እይ። ከዚያ ጸሐፊውን፣ ዓመቱን፣ ቅጹንና ገጹን አመሳክሪ። በዚህ አትቁሚ፤ የጠቀስሽው አኃዝ ያለበትን ሠንጠረዥ ራስሽ ክፈቺ። ጽሑፉ ኖሮ በመቶኛው የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህ ስሕተት ከሐሰተኛ ምንጭ ይልቅ ለመያዝ ይከብዳል። ከፍተሽ ያላነበብሽውን ምንጭ ሰርዢው። ሠላሳ ምንጭ ወደ አሥራ አምስት ቢወርድ፣ አሥራ አምስቱን የምታውቂያቸው ከሆነ ተሽለሻል።

የናሙናሽን መጠን ስሌት ደግሞ በእጅሽ ሥሪ። በ95 በመቶ መተማመኛ፣ በ50 በመቶ ግምትና በ5 በመቶ የስሕተት ህዳግ፦ 1.96 (የ95 በመቶ መተማመኛው ቁጥር) ሲባዛ በ1.96፣ ሲባዛ በ0.25 (0.5 በ0.5)፣ ሲካፈል ለ0.0025 (0.05 በ0.05)፣ 384 ይመጣል። ምላሽ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ቻትቦቱን ብትጠይቂው የጥናትሽ ሕዝብ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ ይህንኑ 423 ሊሰጥሽ ይችላል። ሕዝቡ ከ10,000 በታች ከሆነ ግን ማስተካከያ አለ። 1,200 ተገልጋዮች ካሉ 384ን ለ1.32 (1 ሲደመር 384 ሲካፈል ለ1,200) ታካፍያለሽ፤ 291 ይመጣል፣ 10 በመቶው ሲጨመር 320 ገደማ ነው። በመቶ ሰው መጠይቅ የሚለይ ልዩነት ነው፤ ገምጋሚዎች ቶሎ የሚያዩትም ይህን ነው።

እኛ አገር የሚበዛ ሌላ ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። የጤና ጣቢያው መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ማሽኑ ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይር በሁሉም ወር ላይ 8 ዓመት ብቻ ሲደምር ይገኛል። ጥቅምት 2016 ኦክቶበር 2023 ነው፣ ጥር 2016 ደግሞ ጃንዋሪ 2024። የ2016 በጀት ዓመትም ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 መሆኑን አትርሺ፤ ሪፖርት ስታወዳድሪ ዓመቱ ከተዛባ ውጤቱ ሁሉ ይዛባል።

አጥብቄ የምለምንሽ አንድ ነገር፦ የታካሚ መረጃ ቻትቦት ላይ እንዳታስገቢ። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ዕድሜ፣ ሥራና የምርመራ ውጤት አብረው ከታዩ ሰውየው ይታወቃል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ስትጠይቂ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብተሻል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ መተንተኛ ሶፍትዌር) ትእዛዝ ማጻፍ ከፈለግሽ፣ የተለዋዋጮቹን ስም ብቻ ይዘሽ አምስት ረድፍ የፈጠራ ቁጥር ሙዪና በእሱ ጠይቂ። ትእዛዙን በእውነተኛው ዳታ ላይ ኮምፒውተርሽ ላይ አስኪጂው፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ሳትረጂ ግን አትለፊው።

ሁለቱ መምህራን የተለያየ ነገር ማለታቸው ያለ ነው። ለጥናትሽ የሚሠራው የአማካሪሽ ቃልና የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ነውና፣ «እንግሊዝኛዬን ለማረም ልጠቀምበት? ለዳሰሳውስ?» ብለሽ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጠይቂያቸው፤ መልሱንም አስቀምጪ። የተፈቀደልሽን በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ጻፊው፦ «የራሴን ረቂቅ እንግሊዝኛ ለማረም ቻትጂፒቲን ተጠቅሜያለሁ፤ ምንጮቹን፣ ስሌቱንና ትንተናውን ራሴ ሠርቼ አረጋግጫለሁ።» ዐረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አጠቃቀሙ እንዲገለጽና ማሽኑ እንደ ጸሐፊ እንዳይጠቀስ ይጠይቃል።

በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ እንለያለን በሚሉ መለያ ሶፍትዌሮች ደግሞ አትተማመኚ፤ በሐሰት ሊወነጅሉሽም ይችላሉ። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በጁላይ 2023 አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ሲፈትሹ፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በማሽን የተጻፉ ናቸው ብለዋል። መከላከያሽ የሥራሽ ዱካ ነው፤ ጎግል ዶክስ ላይ ጻፊ፣ የለውጥ ታሪኩ ይቀመጣል፤ የመስክ ማስታወሻሽንና ረቂቆችሽን አትጣዪ። ጽሑፉን «ሰው የጻፈው እናስመስላለን» የሚሉ መሣሪያዎችን አትንኪ፤ ትርጉም ያበላሻሉ፣ ሲደረስባቸውም ሆን ተብሎ የተደረገ ማታለል ይሆናል።

ሲቪሽ ላይ «የኤአይ ባለሙያ» ብለሽ አትጻፊ፤ ቀጣሪውን አያሳምንም። «423 መጠይቆችን በኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) ሰብስቤ በኤስፒኤስኤስ ተንትኛለሁ» የሚለው ይበልጣል፤ ቁጥሩ የራስሽ ጥናት ቁጥር ይሁን። ከማመልከትሽ በፊት ቻትቦቱን እንደ ጠያቂ አድርጊውና ስለ ዘዴሽ አሥር ጥያቄ እንዲያቀርብልሽ እዘዢው፤ መልሱን ግን አታስጽፊው፣ ጮክ ብለሽ ራስሽ መልሺ። የተደናቀፍሽበት ጥያቄ የትኛውን ምዕራፍ ዛሬ ማታ እንደገና መክፈት እንዳለብሽ ይነግርሻል።