ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ኤች 61 ማዘርቦርድ ገዛሁ። ኮር አይ 5-3470 ፕሮሰሰርና ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም ደግሞ ከሌላ ቦታ አገኘሁ። ኬዝ ውስጥ ገጥሜ ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይመጣም። ሻጩ ለመመለስ ሦስት ቀን ሰጥቶኛል። ቦርዱ ሞቷል ማለት ነው?
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ሞቷል ለማለት ገና ነው። መጀመሪያ ቦርዱን ከኬዙ ያውጡትና ደረቅ ካርቶን ላይ ያስተኙት። ቦርድ የሚታሸግበት ብርማ ከረጢት ላይ ግን አያስቀምጡት፤ ውጫዊ ገጹ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ካወጡት አይቀር ኬዙ ላይ ቦርዱን የሚሸከሙትን የናስ እግሮች ይዩ። ቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ የተተከለ አንድ ትርፍ እግር ካለ፣ ከስር ያለውን ብየዳ ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

አሁን ፕሮሰሰሩን ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ስክሪንና ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይተዉ። ሃርድ ዲስክ ለዚህ ፍተሻ አያስፈልግም። ባለ 24 እግሩ ሶኬት ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 4 እግር ካልተሰካ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። መልቲሜትር ካለዎት ሲበራ ቢጫውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ይለኩ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 አካባቢ ነው። ሐምራዊው ማብሪያው ሳይነካም 5 ቮልት ያሳያል። ይህ ከሌለ ጥፋቱን ቦርዱ ላይ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይፈልጉ።

ለማብራት የኬዙ ማብሪያ አያስፈልግም። የፊት ፓነሉ ሽቦዎች በሚሰኩበት ቦታ የፓወር ስዊች ሁለት እሾሆችን በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አነካክቶ መልቀቅ ይበቃል።

የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ አሽተው፣ ፍርፋሪውን አራግፈው፣ በአንዱ ቀዳዳ ካልሠራ በሌላኛው ይሞክሩት። ርካሽ ባለ 4 ጊጋ ራሞች ውስጥ ለኤኤምዲ ቦርድ ብቻ ተብለው የሚሸጡ አሉ፤ እንደ እርስዎ ባለ ኢንቴል ቦርድ ላይ አይነሱም። የተገዛበት ቦታ ይህን ካልነገረዎት የታወቀ ራም ተውሰው ይሞክሩ። ቦርዱ ላይ ስፒከር ካለ ራሙን ጨርሶ አውጥተው ያብሩት፤ ቢጮህ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ (ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ የተጫነ ፕሮግራም) እየሠሩ ነው፤ ጥርጣሬዎ ወደ ራሙ ይሂድ።

ካልጮኸስ? የእርስዎ ጉዳይ ላይ ዋናው ጥርጣሬያችን ባዮሱ ነው። ኤች 61 እ.ኤ.አ. በ2011 ከሁለተኛው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ትውልድ ጋር የወጣ ሲሆን የእርስዎ 3470 ደግሞ የ2012 ሦስተኛ ትውልድ ነው። የፕሮሰሰሩ መግጠሚያ ሶኬት አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ አሮጌ ባዮስ ግን አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም፤ ልክ እርስዎ እንዳሉት። እንደ ፔንቲየም ጂ620 ወይም ኮር አይ 3-2100 ያለ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ተውሰው ይግጠሙ። ከተነሳ ቦርዱ ጤነኛ ነው። ያኔ ባዮሱን አድሰው 3470ዎን ይመልሱ። የእድሳቱ ፋይል ቦርዱ ላይ ከታተመው ሞዴልና የእትም ቁጥር ጋር በትክክል መመሳሰል አለበት። እድሳቱን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አይጀምሩት። እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ቦርዱ የምር ይሞታል።

በሁለተኛው ትውልድም ካልተነሳ የፕሮሰሰሩን ሶኬት በባትሪ መብራት በሰያፍ ይዩት። እንደ ሣር በአንድ አቅጣጫ ከተኙት እሾሆች አንዱ የጎበጠ ከሆነ፣ ወይም ያበጠ ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ የቆመ ትንሽ ሲሊንደር) ካገኙ፣ ሦስቱ ቀን ሳያልፍ ይመልሱት። እሾሁን ራስዎ ማቃናት ግን አንመክርም፤ ከተሰበረ ሻጩም አይቀበልዎትም።

ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። የዲስኩን አሠራር ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊት ኤኤችሲአይ (AHCI፣ ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) ያድርጉት፤ በኋላ መቀየር ዊንዶውሱ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። «መብራት ሲመለስ» የሚለውን ምርጫ ደግሞ ጠፍቶ እንዲቆይ ያድርጉት፤ መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልባቸው ደቂቃዎች ኮምፒዩተሩ ራሱን ባያነሳ ይሻላል። እዚያው ሳሉ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይመልከቱ፤ በጥቂት ደቂቃ ከ80 ዲግሪ ካለፈ ከፋኑ አራት እግሮች አንዱ አልገባ ይሆናል። በሰያፍ ሁለት ሁለቱን «ቀጭ» እስኪሉ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጠፋለሁ። ጠዋት ስከፍት ቀኑ ተመልሶ 2011 ላይ ነው፤ «ኤፍ 1 ይጫኑ» ይላል።
ከአዘዞ

መልስ፦ ባትሪው አልቋል። ሲአር2032 የሚባለው፣ እንደ ሳንቲም ያለው 3 ቮልት ነው። ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ሰዓቱን የሚያስኬደው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ዲቫይደሩ ሲጠፋ ግን ሸክሙ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ከ2.7 ቮልት በታች ካነበቡ ይቀይሩት፤ ጽሑፉ ያለበት የፕላስ ፊቱ ወደ ላይ ነው። ባትሪው ሲወጣ የባዮስ ምርጫዎች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ ከቀየሩ በኋላ ኤኤችሲአይ መመረጡን እንደገና ይዩ።