መልስ፦ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ይበቃሉ ወይ?

አዎ ወንድሜ፣ ኖርማል ዲስትሪቢውሽንን (አብዛኛው ቁጥር መሃል ላይ ተከማችቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየሳሳ የሚሄድበትን፣ የደወል ቅርጽ ያለውን ስርጭት) ለመግለጽ ሁለቱ በቂ ናቸው። አማካዩ የኩርባው ጫፍ የት እንደሚያርፍ ይወስናል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው) ደግሞ ስፋቱን። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ አማካይ፣ ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው) እና ሞድ (በብዛት የሚደጋገመው) አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

የጠየቅከውን የፈተና ውጤት፣ ኖርማል ዲስትሪቢውሽን አለው ብለን፣ እንውሰድ፦ አማካይ 60፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 10። ከ50 እስከ 70 ያመጡት 68% ገደማ፣ ከ40 እስከ 80 ያመጡት 95% ገደማ ይሆናሉ። 80 ያመጣ ተማሪ ከአማካዩ በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይበልጣል (80 ሲቀነስ 60፣ ለ10 ሲካፈል)። ከሱ በላይ ያሉት 2.3% ገደማ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ 5% ብሎ ይሳሳታል፤ ከ95%ቱ ውጭ የቀረው 5% ግን ለሁለቱም ጫፎች የሚከፈል ነው።

ኖርማል ዲስትሪቢውሽንን ለደመወዝ መረጃ ልጠቀምበት ያልከውን ግን እባክህ ተወው። ጥቂት ትልልቅ ደመወዞች የቀኙን ጫፍ ያስረዝሙታል፣ አማካዩንም ወደ ላይ ይጎትቱታል። እዚያ ላይ ሚዲያኑን ውሰድ።