«አባዬ መቼ ይደውላል?»

የሚወዱት ሰው ራሱን ያጠፋባቸውን ልጆች እንዴት እንያዝ ብላችሁ ጠይቃችኋል። ከልጆች ጋር በምክር ሥራ የቆየሁ ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ራሱን ካጠፋ ሦስት ወሩ ነው። የ6 ዓመት ልጄን «አባትህ ዱባይ ሄዷል» አልነው። አሁን «አባዬ መቼ ይደውላል?» እያለ ስልኬን አይለቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ዱባይ ያላችሁት ከክፋት አይደለም። ግን ስልኩ ባልጮኸ ቁጥር ልጁ «አባዬ ረሳኝ» ይላል። ድንኳኑን አይቷል፣ ጥቁር መልበስሽንም አይቷል። ከጎረቤት ልጅ ከሚሰማው ካንቺ ይስማ። ቀን ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል አጠገብሽ አስቀምጪውና «አባዬ ዱባይ አልሄደም፤ ሞቷል። ቀድሜ ስላልነገርኩህ ይቅርታ» በዪው። እንዴት ሞተ ካለሽ «አእምሮው በጣም ታሞ ነበር፤ ከሕመሙ የተነሳ ራሱን አጠፋ» ይበቃል። አኳኋኑን አትዘርዝሪ። «ተኝቷል» አትበዪ፤ መተኛት ይፈራል። ጉንፋን ሲይዝሽ እንዳይደነግጥም ይሄ ሌላ ዓይነት ሕመም መሆኑን ንገሪው።

ሰምቶሽ ኳሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አትደንግጪ። ነገ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ዕድሜ ሞት መመለሻ እንደሌለው ቶሎ አይገባቸውም። አያቱም አክስቱም ያንቺኑ መልስ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ጠዋት ሰድቤው ነበር፣ ወንድሜ በኔ ምክንያት ሞተ» ትላለች።

መልስ፦ «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ብለህ አፏን አታስይዛት። ምን ብላ እንደሰደበችው ትንገርህ። ከዚያ «ስንቴ ተጣልታችሁ ታርቃችኋል! የሞተው ባንቺ ስድብ አይደለም» በላት። አንዴ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ለአባቷ አላለቀሰችም። ስልኳ ላይ ተጥዳ ትውላለች። ዘመድ «አንጀተ ደረቅ» ይላታል።

መልስ፦ ሁሉም ሰው ደረት አይመታም። እንዲህ ያሉ ልጆች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ጥሎን ሄደ» የሚል ንዴት አለ፤ ንዴቱ ደግሞ ያሳፍራቸዋል። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትመርምሪያት። ሽንኩርት ስትከትፉ ወይ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ሆናችሁ ይቀላታል። ክፍል ጓደኞቿ ሲጠይቋት ምን እንደምትል አብራችሁ ምከሩ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ «እናትሽን አጠንክሪ» ይላታል፤ ይሄ አባባል ያናድደኛል። እሷም እኮ አባት ሞቶባታል!

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው። ወንድሙ የሞተበት የ13 ዓመት ልጄ «እሱ ጋ ብሄድ ይሻለኛል» አለ። ቀልዱን ይሆን?

መልስ፦ ቀልድ ነው ብለሽ አትለፊው። «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ መድኃኒትና አደገኛ ነገር አርቂ። ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች እርዳታ በሚሰጠው የአሜሪካ መስመር 988 ላይ ደውዪ ወይም ቴክስት አድርጊ፤ አደጋው ቅርብ ከሆነ 911። አገር ቤት ያላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱ። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ፊት «ነፍሱ አትማርም» የሚሉ ሰዎችን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቡናቸውን ይዛችሁ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዷቸው። ፍርዱ የፈጣሪ ነው። የፍትሐቱን ነገር ከነፍስ አባታችሁ ጋር ልጆቹ በሌሉበት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ፎቶውን ከግድግዳ እናውርደው?

መልስ፦ ልጆቹን ጠይቁ። ብዙዎቹ ይቆይልን ነው የሚሉት።